ከማተሚያው በፊት፤ ገጽን ለኅትመት የማሰናዳት ሙያ ከብራና እስከ ቆሰበር

አንድ መጽሐፍ ታትሞ በአንባቢ እጅ ሲገባ ሁለት ወገኖች ይታወሳሉ። አንደኛው የጻፈው ደራሲ ነው፤ ሁለተኛው ያተመው ማተሚያ ቤት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ የደራሲውን ቃል ማሽኑ ሊቀበለው በሚችል መልክ የሚያሰናዳው ሦስተኛ ሰው ግን ስሙ ከሽፋኑ ላይ አይገኝም፤ የሚነሣውም ስሕተት በተገኘ ጊዜ ብቻ ነው። ፊደል ሲዛነፍ፣ ሥዕል ሲደበዝዝ፣ ገጽ ሲዘበራረቅ «ማነው የሠራው?» ይባላል። ሥራው በደኅና የተፈጸመ እንደ ሆነ ግን ጠያቂ የለውም። ዛሬ ባለሙያዎች «ቅድመ ኅትመት» የሚሉት ይህ ሙያ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩም የመሣሪያ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ ቋንቋ በምን ያህል ጥንቃቄና ክብር ወደ ወረቀት እንደ ደረሰ የሚመሰክር የባህል ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ ለመመርመር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆሰበር፣ ዛሬ በአብዛኛው እንጅባራ ተብላ የምትጠራው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ፣ ጥሩ መመልከቻ ናት። የአዊ ሕዝብ ቋንቋ የሆነው አውንጊ፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ፣ ዘመናትን በቃል ከኖረ በኋላ ወደ መማሪያ መጽሐፍ የገባው በቅርብ ጊዜ ነው። በመሆኑም ግዕዝና አማርኛ በብዙ መቶ ዓመታት ያለፉበትን የኅትመት ፈተና አውንጊ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተጋፍጦታል። የቆሰበርን ጉዳይ በሚገባ ለመረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያሻል።

የቁም ጸሐፊው ሥርዓት

በአገራችን ማተሚያ ከመግባቱ አስቀድሞ ገጽን የማሰናዳት ሥርዓት በቁም ጸሐፊዎች ዘንድ ተደራጅቶ ነበር። በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር በየገዳሙና በየአድባራቱ የነበረው ጸሐፊ፣ ብርዑን በቀለም ከመንከሩ በፊት ብዙ ሥራ ይጠብቀው ነበር። ቆዳው ተፍቆና ተወጥሮ ብራና ከሆነ በኋላ በልክ ይቆረጣል። ከዚያ የገጹ ዳርና ዳር በወስፌ እየተበሳ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም መስመር ይሰመራል። የዐምዱ ስፋት፣ የኅዳጉ ልክ፣ በአንድ ገጽ የሚያርፈው የመስመር ብዛት፣ ሐረግ የሚሣልበት ስፍራ፣ ይህ ሁሉ አንድም ፊደል ሳይጻፍ ይወሰናል።

የቀለሙም ነገር እንዲሁ በዕቅድ ነበር። በቀይ የሚጻፉት የቅዱሳን ስሞችና አርእስት ስፍራቸው ክፍት እየተተወ ጥቁሩ ጽሕፈት ይቀድማል፤ ቀዩ በኋላ ይሞላል። ይህ አሠራር በዛሬው ማተሚያ ቤት ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ፕሌት ከማዘጋጀት ጋር በሐሳብ አንድ ነው። ብዙውን ጊዜም አራት እጥፍ ብራናዎች በአንድ ላይ ተደርበው ስምንት ቅጠል ወይም 16 ገጽ ያለው አንድ ጥራዝ ይሆናሉ፤ የዛሬው ማተሚያ ቤትም አንድ ትልቅ ወረቀት አጥፎ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ያንኑ 16 ገጽ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ታላቅ ጸጋ ነበር። ጽሕፈቱን የሚያነበውና ጽሕፈቱን የሚሠራው አንድ ሰው ነበር። ቁም ጸሐፊው ቢሳሳት እንኳ የተሳሳተውን ያውቀዋል፤ ፍቆ ያርመዋል፤ በመጨረሻውም ገጽ ስሙን ጽፎ ጸሎት ይለምናል። ማተሚያ በመጣ ጊዜ የተለወጠው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ንባብና ሥራ በሁለት ሰዎች ተከፈሉ።

የሮምና የለንደን ትምህርት

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመው የኮሎኙ ዮሐንስ ፖትከን ሲሆን፣ ግዕዝን የተማረው በሮም ከነበረ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ለዚህ ሥራ የብረት ፊደል ተቀርጾ፣ በእርሳስ ተፈስሶ፣ አንድ በአንድ ተለቅሞ ገጽ መሆን ነበረበት።

ከ35 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549፣ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በዚያው በሮም የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተመ። ማተሚያው የጣሊያኖቹ የዶሪኮ ወንድማማቾች ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ አባ ተስፋ ጽዮን ለአንባቢ ያሰፈረው ይቅርታ በኅትመት ታሪካችን ውስጥ የማይረሳ ምስክርነት ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ፊደሉን የለቀሙት ሰዎች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ማንበብ የሚችሉት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ፊደል መልቀም አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነው ተረዳዱና ስሕተቱን አንባቢ እንዲምራቸው ለመኑ።

በዚህ ትሕትና በተሞላ ቃል ውስጥ የቅድመ ኅትመት ችግር ሙሉ በሙሉ ተገልጿል። ጉድለቱ ከማሽኑ አልመጣም፤ ከእውቀት ማነስም አልመጣም። ሁለቱም ወገን በየሙያው ጎበዝ ነበር። የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚቆመው፣ የፊደሉንም ትርጉም የማሽኑንም ጠባይ የሚያውቀው ሰው ነው።

ይኸው ጉድለት በሌላም ጊዜ ታይቷል። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በሮም ያገኛቸውን ኢትዮጵያዊ አባ ጎርጎርዮስን እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ አስጠርቶ ከእርሳቸው ያገኘውን እውቀት በሰዋስውና በመዝገበ ቃላት አሰባሰበ። መጽሐፉ ግን እ.ኤ.አ. በ1661 በለንደን ሲታተም ደራሲው በስፍራው አልነበረም። ኅትመቱን የተከታተለው ሌላ ሰው ነበር፤ ሉዶልፍም በውጤቱ አልተደሰተም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሥራውን እንደ ገና አዘጋጅቶ በፍራንክፈርት በራሱ ክትትል አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስውም የታተመው በዚያው ከተማ ነው።

ለጎጃም ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው የአቡ ሩሚ ታሪክ ነው። ይህ የጎጃም ተወላጅ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ ተቀምጦ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሰ። ከዘጠኝ ሺህ ገጽ የሚበልጠው የእጅ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1820 በእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ስም ተገዛ። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተሙ። አቡ ሩሚ ግን እ.ኤ.አ. በ1819 በካይሮ በወረርሽኝ ስለ ሞተ፣ ከጻፈው አንድ ገጽ እንኳ ታትሞ አላየም፤ የማረሙና የማሰናዳቱ ሥራ ቋንቋውን በመጽሐፍ በተማሩ አውሮፓውያን እጅ ወደቀ። ንባብና ሥራ አሁንም በባሕር ተለያይተው ነበር።

የእርሳስ ፊደል ዘመን

ማተሚያ በአዲስ አበባ ሥር ሲሰድድ ንባብና ሥራ እንደ ገና መቀራረብ ጀመሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ ይወጣ ነበር። በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ማተሚያ ቤት ብርሃንና ሰላም በሚል ስም ጸና፤ በዚሁ ስም የሚጠራውም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ተጀመረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጎሀ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው ነበር። ደራሲው ከማተሚያው ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የተነሣው አዲስ ሙያተኛ ፊደል ለቃሚው ነበር። የላቲን ፊደል ለቃሚ የሚያስተናግደው ትልቁንና ትንሹን ቢደምር ሃምሳ ያህል ቅርጽ ነው። የአማርኛው ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆኑበታል፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዝና ነጥቦች ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ የበለጠ ይበዛል። ስለዚህ ሣጥኑ ሰፊ፣ የእጁም ጉዞ ረጅም ነበር። በዚያ ላይ የእርሳሱ ፊደል በመስተዋት እንደሚታይ ምስል የተገለበጠ በመሆኑ፣ ለቃሚው ተገላቢጦሹን አንብቦ ቀናውን የሚያስብ ሰው መሆን ነበረበት። በ«ሉ» ምትክ «ሱ» ቢያነሣ ትርጉም ይለወጣል። ከለቃሚው ቀጥሎ አራሚው ይቀመጣል፤ ለሙከራ የታተመውን ወረቀት ከዋናው ጽሑፍ ጋር እያስተያየ ምልክት ያደርጋል። የእጅና የአእምሮ ሥራ እንዲህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲገናኙ የአባ ተስፋ ጽዮን ችግር መፍትሔውን ማግኘት ጀመረ።

ይሁን እንጂ የፊደሉ ብዛት «ፊደሉ ይቀነስ» ወይስ «ማሽኑ ይሻሻል» የሚል ክርክር አስነሣ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል በጽሕፈት መኪና ላይ ለማሳረፍ ያደረጉት ጥረት የሚታወቅ ነው። በጽሕፈት መኪናው ብዙ ፊደላት ከቁርጥራጭ እየተገጣጠሙ ይሠሩ ስለነበር መልካቸው ከብራናው ውበት ይርቅ ነበር። ሐሳቡ በብዙ መልክ ቢቀርብም ሕዝቡ ፊደሉን አልቀነሰም። በተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት የታተመችው የፊደል ገበታም ሀሁን እንደ ወትሮው ለየቤቱ አደለች።

ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የፊደልን ጉዳይ ወደ አዲስ ደረጃ አሸጋገረው። የማንበቢያ መጻሕፍት እየተስፋፉ ሄደው በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች በግዕዝ ፊደል ተዘጋጁ። በአማርኛ ለሌሉ ድምፆች ምልክት ማስፈለጉም ግልጽ ሆነ፤ ለኦሮምኛ የዋለው «ዸ» ለዚህ አንድ ማስረጃ ነው። ፊደል ከዲዛይን ጠረጴዛ ላይ ካልተሰናዳ ቋንቋ ወደ መማሪያ ክፍል እንደማይገባ በተግባር ታየ። ይሁንና ከ15ቱ ቋንቋዎች መካከል አውንጊ አልነበረበትም። የቆሰበርና የዳንግላ አካባቢ ገበሬ ማንበብ የተማረው በአማርኛ ነበር።

ከእርሳስ ወደ ፋይል

ኦፍሴት ማተሚያ ሲስፋፋ እርሳሱ ስፍራውን ለፊልምና ለፕሌት ለቀቀ። ገጹ በሙጫና በምላጭ ተለጥፎ ፎቶግራፍ ይነሣ ጀመር። ቀጥሎ ኮምፒዩተር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ዶክተር ፍሥሐ አጥላው ያሉ በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችል ሥራ ጀመሩ። በኋላም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የመሳሰሉት በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ተለመዱ።

በዚህ ጊዜ የአባ ተስፋ ጽዮን ችግር በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ። እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ለ«ሀ» ወይም ለ«ለ» የየራሱን የኮድ ቁጥር ሰጥቶ ነበርና፣ በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ጸሐፊው በትክክል ጽፏል፤ አታሚውም ማሽኑን በትክክል ያንቀሳቅሳል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ፋይል የጋራ ቋንቋ የለውም።

ለዚህ ዓለም አቀፍ መልስ የሆነው ዩኒኮድ ነው። ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ባለሙያዎችም የተሳተፉበት ጥረት ፍሬ አፍርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸው ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። በ2005 ደግሞ ለልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ከመቶ የሚበልጡ ተጨመሩ። ከዚህ ወዲህ «ሀ» በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በየትኛውም ፎንት ቢለበስ አንድ ቁጥር ያለው «ሀ» ነው።

የቆሰበር ፈተና

እንግዲህ ወደ ቆሰበር እንመለስ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የአዊ ብሔረሰብ የራሱን አስተዳደር ሲያቋቁም አውንጊ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። አውንጊ አማርኛ የሌለው ከአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ አለው፤ የቋንቋው ስም ራሱ ይህን ድምፅ ይዟል። አማርኛ ጸሐፊ «ን»ንና «ግ»ን አስከትሎ ይጽፈዋል እንጂ ድምፁ አንድ ነው። በአገው ቋንቋዎች ጽሕፈት ለዚህ ድምፅ የሚያገለግለው የ«ጘ» ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ አግኝቷል፤ ዲቃሎቹም በ2005 ተከትለዋል። ለአማርኛ ብቻ ተብለው በተሠሩ በብዙዎቹ ፎንቶች ውስጥ ግን አይገኝም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነውን ማንም ሙያተኛ ያውቀዋል። መምህሩ በቆሰበር በኮምፒዩተሩ የጻፈውን ጽሑፍ ወደ ሩቅ ማተሚያ ቤት ይልካል። በእርሱ ገጽ ላይ «ጘ» በደንብ ይታያል። በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ግን በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ይወጣል፤ ወይም ማሽኑ ከሌላ ፎንት ተበድሮ የማይመስል ቅርጽ ይተካበታል። የገጽ አሰናጁ አውንጊ የማያውቅ ከሆነ ሣጥኑን እንደ ትርፍ ምልክት ይሰርዘዋል፤ «ገ» ተሳስቶ የተጻፈ መስሎትም ያርመዋል። ሕፃኑ መጽሐፉን ሲከፍት የእናቱን ቃል ያጣዋል። ባዶዋ ሣጥን ለአታሚው የቴክኒክ ጉድለት ናት፤ ለሕፃኑ ግን «ቋንቋህ ለመጻፍ አይበቃም» የምትል መልእክት ናት።

ስለሆነም ፋይልን በሚገባ ማሰናዳት ለእንዲህ ያለው ሕዝብ ቅንጦት አይደለም። የሚደረገውም የታወቀ ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይጻፋል፤ የተመረጠው ፎንት የቋንቋውን ፊደላት በሙሉ መያዙ አስቀድሞ ይመረመራል። ወደ ማተሚያ ቤት የሚላከው እ.ኤ.አ. በ1993 በተጀመረው ፒ ዲ ኤፍ በተባለው የፋይል ዓይነት ሲሆን ፎንቱ በውስጡ ተካትቶ መሄድ አለበት። ለኅትመት ተብሎ በ2001 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ፒ ዲ ኤፍ ኤክስ ይህን እንደ ግዴታ ይጠይቃል። አንዳንዱ አሰናጅ ፊደሉን ወደ ሥዕል ቅርጽ ለውጦ ይልካል፤ ይህ ፊደሉን ከመጥፋት ቢያድነውም በኋላ ለማረም አያስችልምና ዋናው ቅጂ ሳይለወጥ መቀመጥ ይገባዋል።

የቀለሙም ጉዳይ ከፊደል አይለይም። ሙሉ ቀለም ያለው ኅትመት የሚሠራው ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር በተባሉ አራት ቀለሞች ነው። ደቃቅ ጽሕፈት በአራቱም ቀለሞች ጥቁር እንዲሆን ከተደረገ፣ ፕሌቶቹ በጥቂቱ እንኳ ሲዛነፉ የፊደሉ ዳር ይደበዝዛል። «ገ»ንና «ጘ»ን የሚለያቸው ትንሽ ቅጥያ ነውና በዚያች ድብዘዛ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ጽሕፈት በጥቁሩ ፕሌት ብቻ ይታተማል። ቁም ጸሐፊው ጥቁሩን ከቀዩ ለይቶ የሠራበት ጥበብ እዚህ ላይ እንደ ገና ይታያል።

ሥዕልም የራሱ ሕግ አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ የተሸለሙት ፈረሶች ምስል በመጽሔትና በፖስተር ላይ መውጣት የሚገባው ነው። ሆኖም በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሳሳ ፎቶግራፍ በስክሪን ላይ ቢያምርም ለወረቀት አይበቃም። ምስል በሚታተምበት መጠን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። እስከ ገጹ ዳር የሚደርስ ሥዕልም ወረቀቱ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይተርፍ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ይዘጋጃል። ፈረሰኛው በክብር ተሸልሞ ሳለ ምስሉ ደብዝዞና የፈረሱ ጆሮ ተቆርጦ ቢወጣ፣ ጉዳቱ የወረቀት ብቻ አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን ማንኛውም ደረጃና ፕሮግራም የማይተካው አንድ ነገር አለ። ፕሌት ከመሠራቱ በፊት ለሙከራ የታተመውን ገጽ ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ፊደል በፊደል ሊያየው ይገባል። «ይታተም» ብሎ የሚፈርመው እጅ የአንባቢ እጅ መሆን አለበት። ኮምፒዩተር የፊደሉን ቁጥር ያውቃል፤ የቃሉን ትርጉም ግን የሚያውቀው ሰው ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ቀላልና ከባድ ነው። ከሮም እስከ ቆሰበር መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ እርሳሱ ፊልም፣ ፊልሙ ፋይል ሆኗል። ያልተለወጠው ማንበብ በሚችለውና ማተም በሚችለው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ያንን ክፍተት የሚሞላ ሰው በየትምህርት ቢሮው፣ በየባህል መምሪያውና በየማተሚያ ቤቱ ሊሠለጥንና ሊከበር ይገባዋል። መሠልጠኑም በማሽን ብቻ አይሁን፤ በቋንቋም ይሁን። የአዊን መጽሐፍ የሚያሰናዳ እጅ አውንጊን የሚያነብ ዓይን ይኑረው።

ቁም ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ ስሙን ይጽፍ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮንም ስሕተቱን ሳይሸሽግ በመጽሐፉ ውስጥ ቃሉን ትቷል። የዛሬው ገጽ አሰናጅም ስሙ በመጽሐፉ ጀርባ ወይም በመግቢያው ገጽ ቢሰፍር ለእርሱ ምስጋና፣ ለአንባቢም ዋስትና ይሆናል። ስሙን ያሰፈረ ሰው ባዶ ሣጥን አይቶ አያልፍምና።